ሁሉ የሚያልፍበት፤ ማንም የማያድርበት ይፋት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ የያዘ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ጉምና ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ይህ በር፤ የሸዋ ደጋ አልቆ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርደው ገደል የሚጀምርበት አፋፍ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ባወጡት ዋሻ ውስጥ መኪናው ገብቶ ከወዲያ ማዶ ሲወጣ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም ሲወርድ ሲወርድ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከተማዋ 1,300 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፤ በማለዳ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረው መንገደኛ እዚያ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ጥላ ሲፈልግ ይታያል።

እዚህ ላይ መንገደኛው ምን ያደርጋል ብለን ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ምሳውን ይበላል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ርካሽ መስሎ ከታየው አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይገዛል፤ ከዚያም ጉዞውን ወደ ከሚሴና ወደ ኮምቦልቻ ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ለብዙዎቻችን የምሳ ሰዓት እንጂ አገር አይደለችም። በስተግራ የተቈለለው ተራራ ምን እንደያዘ፤ በስተቀኝ እስከ አፋር ሜዳ የተዘረጋው ቆላ የማን ታሪክ እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቅ ሹም ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

ይህን ነገር ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ዓመታት አገራችን ለአገር ጐብኚዎች የሚሆኑ ስፍራዎችን ለማሰናዳት ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም አፍስሳለች። ጎርጎራ፤ ወንጪ፤ ኮይሻ የሚባሉት ስሞች ከዚህ ቀደም ከካርታ አንባቢ በቀር ብዙ ሰው የማያውቃቸው ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቋቸዋል። የወንጪ መንደር በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021፤ የጮቄ ተራራ መንደር ደግሞ በ2022 ከዓለም ምርጥ የጐብኚ መንደሮች መካከል በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ተቈጥረዋል። እንግዲህ የገጠር መንደር፤ ከነእርሻውና ከነጐጆው፤ እንግዳ የሚቀበል ስፍራ መሆን እንደሚችል በአገራችን ምድር ከታየ፤ ይፋትስ ለምን ቀረ የሚለው ጥያቄ የግድ ይመጣል። ጥያቄው ግን ሲያዩት ቀላል፤ ሲነኩት ከባድ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናሳያለን።

በመጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር እንሻገርና አንድ ምሳሌ እንይ። በሰሜን አፍሪካ በሞሮኮ አገር አትላስ የሚባል ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ። በዚያ የሚኖሩትን ሕዝቦች ዓለም በርበር እያለ ይጠራቸዋል፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት አማዚግ ብለው ነው፤ ቋንቋቸውም በ2011 በወጣው ሕገ መንግሥት ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። የሰንሰለቱ ከፍተኛ ጫፍ ቱብቃል 4,167 ሜትር ነው፤ ከእኛ ራስ ዳሸን በጥቂት መቶ ሜትር ያንሳል። ከመራከሽ ከተማ ተነሥቶ ኢምሊል በሚባለው መንደር በኩል ወደዚህ ተራራ የሚወጣው ጐብኚ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ነው። ሻንጣውን በቅሎ ይጭንለታል፤ ባለ በቅሎው የመንደሩ ሰው ነው፤ ማታ የሚያድረው በገበሬ ቤት ነው፤ የሚበላውም የገበሬውን እንጀራ፤ ማለት የእነርሱን ዳቦና ወጥ ነው።

ሞሮኮ ይህን ያገኘችው ተራራ ስላላት ብቻ አይደለም፤ ተራራማ ሞልቷል። ከሁሉ ይልቅ ዐይናችንን የሳበው በአትላስ መካከል አይት ቡገመዝ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፤ ታባንት በምትባል የገጠር መንደር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተራራ መሪዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው። ልብ በሉ፤ በዋና ከተማው በራባት አይደለም፤ በመራከሽም አይደለም፤ በተራራው ልብ ውስጥ ነው። መሪ የሚሆነው የተራራው ልጅ እንዲሆን ከታሰበ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ መሄድ አለበት የሚል አሳብ ይመስላል። የእኛም አባቶች የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የአትላስን ነገር እንደ ገነት አድርገን ልናቀርበው አንወድም። ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ መራከሽ ከተማ ተቀምጦ ደንበኛ በሚያዋውል ነጋዴ እጅ እንደሚቀር፤ ለባለ በቅሎው የሚደርሰው ግን ትንሽ እንደሆነ ጕዳዩን የመረመሩ ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ደግሞም ተራራ የሚያመጣው መከራ አለ። በ2018 ታኅሣሥ ወር ውስጥ ሁለት የስካንዲኔቪያ ተማሪዎች ከኢምሊል በላይ በድንኳናቸው ተገደሉ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቱብቃል የሚወጣ ሁሉ ከመሪ ጋር እንዲሄድና በኬላ እንዲመዘገብ ተደርጓል። በመስከረም 2023 ደግሞ 6.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ በዚያው ተራራ ላይ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጀ፤ ከጭቃና ከድንጋይ የተሠሩት መንደሮች ፈረሱ። ሆኖም ጐብኚው ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ በተከታዩ ዓመት በ2024 ሞሮኮ የተቀበለችው እንግዳ 17 ሚሊዮን አልፏል። የተሠራ መንገድ፤ የተማረ መሪ፤ የታወቀ ስም ያለው አገር ከአደጋ በኋላ ቶሎ ይነሣል።

ወደ ይፋት እንመለስ። በአትላስ ያለው አብዛኛው ነገር፤ ተራራው፤ የድንጋይ መንደሩ፤ በቅሎው፤ ራሱን የቻለ ጥንታዊ ሕዝብ፤ ገበያው፤ ከሸዋ ሮቢት የግማሽ ቀንና የአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይገኛል። በላይ በኩል መንዝ አለ። በመንዝ የጓሳ ሣር የሚበቅልበትን ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ ምድር፤ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ ቄሮ በሚባለው የራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አይገባበትም፤ ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፤ ለገመድ ይታጨዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህ ሥርዓት ቢናጋም ኋላ በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት ተነሥቷል። ዛሬም ጭላዳ ዝንጀሮና በዓለም ሁሉ አምስት መቶ ያህል ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ በዚያ ይኖራሉ። የመንዝ ገበሬ የዱር አራዊት ጥበቃን ከፈረንጅ አልተማረም፤ ፈረንጁ መጥቶ ከእርሱ የተማረበት ጊዜ እንጂ።

ከመንዝ ወደ ደቡብ የወፍ ዋሻ ደን ከደብረ ሲና ገደል ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ከዚያ አልፎ አንኮበር ነው። በአንኮበር አፋፍ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችና የአንኮበርን ስም ያገኘች ትንሽ ወፍ አለች፤ ለእርሷ ሲሉ ብቻ ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡ ወፍ ወዳዶች አሉ። ከአንኮበር ቍልቍል ሲወረድ አልዩ አምባ፤ ከአልዩ አምባ ሲወረድ ቆላው ይከፈታል። ጧት ውርጭ ረግጦ የተነሣ እግረኛ ማታ በማሽላ እርሻ ዳር ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ያህል የአየር ለውጥ በይህን ያህል አጭር መንገድ የሚታይበት ስፍራ በአገራችን ጥቂት ነው።

አልዩ አምባን ካነሣን አይቀር ትንሽ ቈየት እንበል። ስፍራው ዛሬ ጸጥ ያለ ከተማ ቢሆንም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የውጭ ንግድ በር ነበር። ከታጁራ ወደብ የተነሣው የግመል ነጋድ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፤ አዋሽን ተሻግሮ፤ ፋሬ ከሚባለው የገደሉ ግርጌ ሲደርስ ግመሉ ከዚያ በላይ መውጣት ስለማይችል ጭነቱ ይራገፍ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰውና የጋማ ከብት ተሸክመው ወደ አልዩ አምባና ወደ አንኮበር ያወጡታል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ጆንስተን የሚባለው ሐኪምም በአልዩ አምባ ተቀምጦ የገበያውን ነገር በሰፊው ጽፏል። በአጠገቡ አብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ ሰው ይሸጥ እንደነበረም ታሪክ አይደብቀውም፤ እኛም ልንደብቀው አይገባም። ጐብኚን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ የሚነግር መሪ ግማሽ መሪ ነው።

የይፋት ታሪክ ግን ከሣህለ ሥላሴ አይጀምርም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1285 ዑመር ወላስማ የተባለው መስፍን የሸዋን የመኽዙሚ ሡልጣኖች መንግሥት አጥፍቶ የይፋትን መንግሥት በሰፊው አቋቋመ። ከአምሳ ዓመት በኋላ በካይሮ የነበረው ጸሐፊ አልዑመሪ፤ ከዘይላ የሄዱ ሼኽ አብደላህ የነገሩትን ይዞ፤ ይፋትን ከሰባቱ የእስላም መንግሥታት እንደ አንዱ አድርጎ ገልጿል፤ ጫት የሚባለውን ተክል ነገር ሳይቀር ጽፎታል። (የጫትን ነገር አዲስ ልማድ የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ቢያነቡ አይጠሉም።) በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን ተዋጉ፤ ሰብረዲን ተሸነፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወንድሙን ጀማለዲንን በስፍራው ሾሙ። ከዚህ በኋላ የወላስማ ቤት ለሁለት ተከፈለ፤ የማይገብረው ወገን ወደ ምሥራቅ ወርዶ ኋላ አዳል የተባለውን መንግሥት መሠረተ፤ በደጋው ጫፍ የነበሩት ከተሞችም እየተፈቱ ሄዱ።

ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ይማራል፤ የሚማረው ግን ጦርነቱን ብቻ ነው። ከተሞቹ የት ነበሩ? ሰዎቹ በምን ዓይነት ቤት ይኖሩ ነበር? ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? ይህ ለብዙ ዘመን የማይመለስ ጥያቄ ሆኖ ኖረ። ከ2000 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ግን ፎቬልና ኢርሽ የተባሉት ፈረንሳውያን የታሪክ ሊቃውንት ከጓደኞቻቸው ጋር በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ገደላ ገደል ላይ ያሉትን ፍርስራሾች እያጠኑ አሳተሙ። ኖራ፤ አስበሪ፤ መሳል፤ ራሳ ጉባ፤ ፈቂ ደቢስ፤ ቤሪ ይፋት የሚባሉት ስፍራዎች ያኔ ከመንደር ወሬ ወደ ዓለም መጻሕፍት ገቡ። በተራራው ትከሻ ላይ በእርከን የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች፤ በመካከላቸው የሚያልፉ መንገዶች፤ ውሃ ማቆሪያዎችና መስጊዶች አሉ። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ከነሚሕራቡ ቆሞ ይታያል። በቤሪ ይፋት ደግሞ የወላስማ ነገሥታት መቃብር ከነጽሑፉ ተገኝቷል፤ ድንጋዩ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ላሊበላን ያየ ሰው በኖራ ፍርስራሽ ዘንድ ቢቆም ምናልባት ይህ ነው ወይ ሊል ይችላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ያስብ። ዓምደ ጽዮን ጦር ያዘመቱበት መንግሥት ሰዎች የሰገዱበት፤ ያደሩበት፤ የተቀበሩበት ስፍራ ይህ ነው። የዜና መዋዕሉን አንድ ወገን በደጋው ገዳማት እናነበዋለን፤ ሌላው ወገን እዚህ በድንጋይ ተጽፏል። ሁለቱን አንድ ላይ ያላነበበ ሰው የአገሩን ታሪክ ግማሹን ብቻ ያውቃል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የእነዚያን ከተሞች ሰዎች ልጆች ነን የሚሉት አርጎባዎች ዛሬም በዚያው ተራራ ትከሻ ላይ ይኖራሉ። ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ናቸው፤ ቤታቸውን በድንጋይ፤ መንደራቸውን በአምባ ላይ መሥራት ልማዳቸው ነው። በደዋ ጨፋ በኩል ያለችው ሾንኬ የዚህ ዓይነቱ መንደር ዋነኛ ምሳሌ ናት። ቋንቋቸው የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አማርኛ የጣላቸውን አንዳንድ የጉሮሮ ድምፆች በሾንኬ ይዞ ቈይቷል። በይፋት ግን በብዙው መንደር አርጎብኛው ለአማርኛ ስፍራውን ለቋል። የቋንቋ ተማሪ ለሆነ ወጣት ከዚህ የሚበልጥ የአስቸኳይ ሥራ አናውቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለ፤ ጐብኚ ለምን አልመጣም? አንዱ ምክንያት ያረጀ ነው። በ1950ዎቹ የአገራችን የቱሪዝም ሥራ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እጅ ሲጀመር፤ አሥራ ሦስት ወር የፀሐይ ብርሃን የሚለው መፈክር ወጣ፤ የታሪክ መስመር የሚባለውም ጉዞ ተቀየሰ። ያ መስመር የተቀየሰው በአውሮፕላን ነው፤ ባሕር ዳር፤ ጐንደር፤ ላሊበላ፤ አክሱም። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ያለዚያ አውሮፕላን ላሊበላን የሚያያት ስንቱ ነበር? አውሮፕላን ግን አውሮፕላን ማረፊያ የሌለውን ሁሉ ከላይ ዘልሎት ያልፋል። ይፋትን ዘለለው፤ በላዩ ለሥልሳ ዓመት በረረ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው የመንገደኛ መጽሐፍ ሁሉ የመጀመሪያውን መስመር እየቀዳ ስለ ሄደ፤ ስሕተቱ ልማድ ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት ደጋውም ስለ ቆላው ያለው አስተያየት ነው። ቆላ ማለት ወባ፤ ቆላ ማለት ሙቀት፤ ቆላ ማለት የተመደበ ሠራተኛ በማግሥቱ የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፍበት ስፍራ ነው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። ማመልከቻ ከሚጽፉት መካከል ይህን ጋዜጣ የሚያነብ አይጠፋም፤ እንደማይቀየምብን ተስፋ አለን።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁለቱ ይልቅ የከፋ ነው፤ በእርሱም ላይ ማለሳለስ አይገባም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም በአጣዬ፤ በካራ ቆሬ፤ በማጀቴ፤ በሸዋ ሮቢት አካባቢ በተነሣው ጥቃት ብዙ ሰው ሞተ፤ እጅግ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ የአጣዬ ከተማ አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ። ሰባት ወር ሳይሞላ በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት እስከዚያ ወርዶ ሸዋ ሮቢት በሕወሓት ኀይሎች እጅ ገብታ እንደገና ተመለሰች። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላ ሰው እፎይ ሊል ሲል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ውስጥ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ይህ መንገድ ተዘግቶ የዋለባቸው ቀኖች ጥቂት አልነበሩም፤ የውጭ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ አስጠንቅቀዋል። በዚህ ላይ መሬቱ ራሱ አልተኛም። በ1953 ዓ.ም ግንቦት የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ መንገዱን ሰነጣጥቆት እንደነበር ሽማግሎች ያስታውሳሉ፤ በ2017 ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ከይፋት ግርጌ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል ምድር እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሺህ ሰው ከመንደሩ ወጥቷል።

ታዲያ ቤት በተቃጠለበት አገር ስለ ሽርሽር ማውራት ምን ይሉታል የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም ይህን አስበንበታል። የሆቴል እንግዳ ወታደር የሚጠብቀው አጥር ውስጥ ሊያድር ይችላል፤ እግረኛ ተጓዥ ግን አይችልም። እግረኛ የሚኖረው በመንደሩ ሰው መልካም ፈቃድ ነው፤ የአንዱ ቀበሌ ልጅ መሪ ሆኖት እስከ ወሰኑ ይሸኘዋል፤ የሚቀጥለው ቀበሌ ልጅ ይረከበዋል። በይፋት ይህ ማለት አማራው ለአርጎባው፤ አርጎባው ለኦሮሞው፤ ኦሮሞው ለአፋሩ እንግዳ ያስተላልፋል ማለት ነው። ስለዚህ የእግር ጉዞ ከዕርቅ በፊት አይመጣም፤ ገንዘብም ዕርቅን አይገዛም። ነገር ግን ዕርቅ ከመጣ በኋላ ጎረቤቶች ዕለት ዕለት አብረው የሚሠሩት ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ጓሳን የጠበቀው ሥርዓት የጸናው በየዓመቱ የጋራ ሥራና የጋራ ጥቅም ስለነበረው ነው፤ በመሐላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን አይቈይም ነበር።

ከአገራችን ሌላ ምሳሌ ቢፈለግ መቄት አለ። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ተስፋ በሚባለው ድርጅት አነሣሽነት፤ የገበሬ ማኅበሮች በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጐጆ ሠርተው እግረኛ ጐብኚ ይቀበሉ ነበር። ጐጆው የማኅበሩ ነው፤ ሻንጣውን የሚጭነው የመንደሩ አህያ ነው፤ የሚገኘውም ገንዘብ ለሠሩት ሰዎችና ለማኅበሩ ሣጥን ይካፈላል። ኋላ ጋሸናና አካባቢዋ የጦር ሜዳ ሆኑ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ የኛ ገበሬ እንግዳ ተቀብሎ ሒሳብ መያዝ እንደሚችል፤ እንዲሁም ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋው ከሁሉም በኋላ የሚከፈተው የእግር መንገድ እንደሆነ።

እንግዲህ ይህ መንገድ እስኪከፈት ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው ወይ? አይደለም፤ በተለይ ለወጣት ሹሞች። ብዙው ሥራ ጐብኚ ሳይመጣ የሚሠራ ነው፤ እንዲያውም ጐብኚ ከመጣ በኋላ ቢሠራ ይበላሻል። ከሁሉ የሚቀድመው የፍርስራሾቹ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማስታወቅ አለበት፤ ቅርስም ያለ ፈቃድ አይነካም። አዋጁ መልካም ነው፤ የገበሬው ማሳ ግን ፍርስራሹ ላይ ይደርሳል፤ አጥር ሊያጥር ወይም እርከን ሊሠራ ሲፈልግ የተጠረበ ድንጋይ ከፊቱ ተከምሮ ያገኛል። ገበሬው ምን በደለ? ድንጋዩ የነገሥታት መሆኑን ማን ነገረው? የዛፍ ሥር ደግሞ አዋጅ አያነብም፤ በግድግዳው መካከል ገብቶ በየክረምቱ ይፈለቅቀዋል። የእያንዳንዱ ፍርስራሽ ወሰን ተለክቶ በወረዳው መዝገብ ላይ ቢሰፍርና ከባለ ማሳዎቹ ጋር በግልጽ ውል ቢደረግበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ሚሊዮን ብር ሳይሆን ሜትር፤ ወረቀትና የሚራመድ እግር ነው።

የመሪዎቹንም ነገር እንዲሁ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከአፋፉ በላይ ነው፤ ይፋት ከአፋፉ በታች። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን ሲሉ እንሰማለን። የአልዩ አምባን ሽማግሌ፤ የአርጎባዋን ሸማኔ፤ የፋሬን የግመል መንገድ የሚያውቀውን አፋር አንድ በአንድ ጠይቆ መጻፍ ርዕስ ካልሆነ ምን ርዕስ ይሆናል? እንዲህ ያለው ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ከሚያርፍ በአማርኛና በአርጎብኛ ወደ መንደሩ ተመልሶ የወጣት መሪዎች መማሪያ ቢሆን፤ ትምህርት ቤቱም እንደ ታባንቱ ከተራራው ግርጌ፤ በሸዋ ሮቢት ወይም በአልዩ አምባ ቢከፈት፤ መሪው ስለ አያቱ ከባዕድ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

ገንዘቡ የት ይቈረጣል የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን። በአትላስ በቅሎ ነጂው የደረሰበት እንዳይደርስ፤ የእንግዳው ክፍያ አዲስ አበባ ላይ ተጠቃልሎ ጥራጊው ወደ ቆላ እንዳይወርድ፤ የመንደሩ ማኅበር ዋጋውን ራሱ ይንገር። ጐጆው የማኅበሩ ይሁን፤ በቅሎው የባለ በቅሎው ይሁን፤ መስጊዱና መቃብሩ ግን የማንም ገበያ አይሁን። የወላስማ መቃብር ለአካባቢው ሰው የጸሎት ስፍራ ነው፤ ማን ይገባል፤ መቼ ይገባል፤ ጫማውን የት ያወልቃል የሚለውን የሚወስኑት የስፍራው ሼኾች እንጂ የጉዞ ወኪል አይደለም። ለጐብኚ ሲባል በየቀኑ ሠርግ የሚደግስ መንደርም እንዲሆን አንመኝም፤ እንዲህ ያለው ነገር በሌላ አገር ታይቶ ሕዝቡን የራሱ ባሕል መጫወቻ አድርጎታል።

የመጀመሪያው እንግዳስ ማን ይሁን? ስለ ጐብኚ ሲወራ ሁላችንም ዐይናችንን ወደ ቦሌ እንልካለን። የመንገዱ ጸጥታ በተመለሰ ጊዜ ግን ከሎንዶን ከሚመጣው አስቀድሞ ሊሄድ የሚችለው የደብረ ብርሃን፤ የኮምቦልቻና የአዲስ አበባ ተማሪ ነው። የሚያስፈልገው ጠንካራ ጫማ፤ የውሃ ኮዳ፤ የወባ መከላከያና አንድ ጋቢ ነው። ጋቢው ለጣርማ በር ብርድ ነው፤ ሮቢት ሲደርስ አጣጥፎ ትራስ ያደርገዋል። ያገሩ ልጅ ያልረገጠውን መንገድ ባዕድ ሲረግጠው፤ የመንደሩ ሰው እንግዳውን እንደ ኪስ እንጂ እንደ ሰው አያየውም። የተማሪ እንግዳ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነው።

ጉዞውን ለሚያስብ ተማሪ ቀኑን ስለ መምረጥ አንድ ነገር እናስታውሰው። ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው እሑድ ነው። ከደጋ ገብስና በግ ይዞ የሚወርደው፤ ከአፋር ሜዳ ግመሉን ጭኖ የሚወጣው፤ ከአምባው ኩታ ይዞ የሚመጣው፤ በሜዳው ያለው ኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢ፤ ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት ቀን እርሱ ነው። ከአምባ የሚነሡት ሌሊት ስለሚነሡ፤ ከእነርሱ ጋር ለመውረድ የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ማታ መንደሩ ማደር ይኖርበታል።